ከእሷ መስኮት የሚታየው

እና ጀሪካኑ ቢጫ ነበር፣ ቢጫ፣ እሱን እንዳትረሺው፣ ባለጎማው ከመኪናው ወረደ፣ የኋላውን በር ከፈተ፣ ቢጫ ጀሪካን አወጣ፣ ለወንድሟ አቀበለው፣ ዝናብ ነበር፣ አበቃ፣ ከዚህ አንዲት ቃል አትጨምሪ አንዲት ቃል አትቀንሺ፣ ምን ያስፈራል ታዲያ፣ ሰው ያየውን ለመናገር ይፈራል እንዴ፣ ይፈራል፣ ይኸው እጇ ላብ በላብ ሆኗል። በቀሚሷ ትጠርገዋለች። ከችሎቱ በር ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፣ እሷ በተነቃነቀች ቁጥር ይንገጫገጫል፣ ከጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮም አብራ ትንገጫገጫለች፣ ይቅርታ፣ ኧረ ችግር የለም። አርፈሽ ተቀመጪ እንግዲህ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል፣ አሁን ይጠሩሻል።

ይጠሯታል፣ ትገባለች፣ ትምላለች፣ ትናገራለች፣ ትወጣለች፣ ዐቃቤ ሕጓ ያለቻት እንደዚህ ነው፣ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች፣ ከእርስዎ ብዙ አይጠበቅም፣ ወንድምዎ ባለፈው ቀጠሮ ቃሉን ሰጥቷል፣ የጎማ መጋዘኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ያዘዘኝና ቤንዚኑን ያቀበለኝ ግን ባለቤቱ፣ ባለጎማው ነው፣ ኢንሹራንሱን ፈልጎ ነው ብሏል፣ ችግሩ የግብረ አበር ቃል ብቻውን ሰው አያስፈርድም፣ አብሮ ያጠፋ ሰው የራሱን ሸክም ለማቅለል ሌላው ላይ ሊጭን ይችላልና፣ ስለዚህ ከእሱ ውጭ የሆነ፣ ራሱን የቻለ ደጋፊ ማስረጃ ያስፈልገናል፣ እሱም እርስዎ ነዎት። ደጋፊ። ስታዲየም የምትገባ ይመስል። ታዲያ ከእሱ የሰሙትን ሳይሆን በዓይንዎ ያዩትን ብቻ፣ ልዩነቱ ገብቶዎታል አይደል፣ ገብቶኛል አለች፣ እንዴት አይገባትም፣ መጋረጃ ሰፊ ብትሆን ደንቆሮ አይደለችም፣ መስማት ሌላ ማየት ሌላ፣ ይህን ያልገባው ማን አለ።

ቃሉ ከጸናለት ቅጣቱ ይቀልለታል። ካልጸና ባለጎማው ቤቱ ይገባል፣ ወንድሟ ደግሞ የሁለት ሰው ዕዳ ለብቻው ተሸክሞ ሽበት እስኪያወጣ እዚያው እስር ቤት ይቀራል፣ ምክንያቱም ሰው ሞቷል፣ ጎማ ብቻ ቢሆን ጎማ ነው፣ ዘበኛው ግን ዝናቡን ሸሽቶ ከክምሩ ጀርባ ጋደም ብሎ ኖሯል፣ ማንም የለም ብሎኛል እትዬ ይላታል ወንድሟ፣ ዘበኛውን አሰናብቼዋለሁ ብሎኛል፣ በእናታችን አፈር ይሁንብኝ፣ ሰው እንዳለ ባውቅ እጄ ይቆረጥ። እጁን ታያለች፣ ከሽቦው ወዲያ ማዶ፣ ጥፍሩን እስከ ሥጋው በልቶታል። ወንድሜ። አሳድጌህ፣ አፍንጫህን ጠርጌህ፣ እዚያ መጋዘን ተቀጥረህ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት መንዳት ስትማር ለጎረቤት ሁሉ አውርቼልህ፣ እዚህ ላይ ታደርሰኝ፣ አሁን እሱን ተዪው፣ ጀሪካኑ ቢጫ ነበር።

አንቺ ነሽ አይደል እህቱ ትላታለች ከጎኗ ያለችው ሴትዮ፣ ማን መሆኗን ሳትናገር ታውቃታለች፣ ጥቁር ለብሳለች፣ የዘበኛው ሚስት፣ አምላኬ፣ ስታንገጫግጫት የቆየችው እሷን ነው። አዎ እህቱ ነኝ። አይታለች አሉኝ። አይቻለሁ። ወንድምሽን ይቅር አልለውም አልዋሽሽም፣ ግን ያ ሰውዬ ዘንጦ በነጻ ከሚወጣ፣ ብቻ ዓይንሽን ይባርከው፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር፣ እያለች እጇን ትይዛለች፣ ላቡን ምን ትለው ይሆን፣ እጇን ማስለቀቅ ትፈልጋለች፣ ማስለቀቅ ደግሞ ነውር ነው፣ የሟች ሚስት እጅ ይመነጨቃል እንዴ፣ ትተወዋለች። አይቻለሁ። ቃሉ አፏ ውስጥ አሁንም አለ፣ ደስ አይልም፣ ለምንድን ነው ደስ የማይለው።

ኮቴ ይሰማል፣ ባለጎማው ነው፣ በዋስ ነው ያለው፣ ከጠበቃው ጋር በኮሪደሩ ይመጣል፣ እሷም ሳታስበው ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ዳሌዋን ታነሳለች፣ የደንበኛ ነገር፣ የቢሮውን መጋረጃ የሰፋችለት እሷ ናት፣ ተቀመጪ እባክሽ፣ ትቀመጣለች። ቆም ይላል። ደህና ነሽ አንቺ ልጅ፣ ሥራ እንዴት ነው። ደህና። ጠበቃው ክንዱን ይይዘዋል፣ ከምስክር ጋር አይነጋገሩ፣ ኧረ ሰላምታ ነው፣ ያልፋሉ። ሥራ እንዴት ነው ይላታል ይታያችሁ፣ ልትመሰክርበት የመጣችን ሴት፣ ወይ የለየለት ዓይን አውጣ ነው ወይ ደግሞ። ወይ ደግሞ ምን። ወይ ደግሞ ምንም፣ ጀሪካኑን ሲያቀብል በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፣ ፊቱ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ በግራ እጁ ሲጠርገው፣ ቶሎ በል ሲለው። ቶሎ በል ሲለው ሰማሁ ደግሞ። በዝናብ፣ ከፎቅ ላይ፣ መስኮት ተዘግቶ። ከንፈሩን አይቼ ይሆናል። አዎ ከንፈሩን ነው፣ ሰው ቶሎ በል ሲል ከንፈሩ ያስታውቃል፣ ኧረ ያስታውቃል፣ ምን መስቀለኛ ጥያቄ ውስጥ አስገባሽ ራስሽን፣ ለዚያ ጠበቃው አለልሽ አይደል።

ፖሊሱ ሲጠይቃት አልዋሸችም እኮ። ይህን ማንም ይወቅላት፣ አልዋሸችም። ቤትሽ ከመጋዘኑ የጓሮ በር ፊት ለፊት ነው፣ ያየሽው ነገር አለ ሲላት አዎ አለች፣ አዎ ስትልም ታያት ነበር፣ መኪናው ዝናቡ ጀሪካኑ ቁጭ ብሎ ታያት ነበር፣ ሰው የሚታየውን ተናገረ ተብሎ ውሸታም ይባላል ወይ። ታዲያ ምን ሆነች ዛሬ። ቁርስ ስላልበላች ነው። አይደለም። አይቻለሁ የሚለው ቃል ነው፣ የሆነ ቦታ ሰምታዋለች፣ በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ ግትርነት፣ አይቻለሁ እትዬ፣ ካልሲዋን ሁሉ አይቻለሁ።

ካልሲዋን። እናታቸው የሞተች ቀን ጎረቤቶች ደረጃውን በብርድ ልብስ አድርገው ሲያወርዷት አንዱ እግሯ ወጥቶ ነበር፣ አረንጓዴ ካልሲ፣ ተረከዙ ላይ የተጣፈ፣ እሷ ናት ያየችው፣ ከደረጃው ሥር ቆማ፣ ያን ካልሲ የጣፈችውም እሷ ናት፣ መርፌ መያዝ በተማረች ሰሞን። እሱ አልነበረም፣ ኩፍኝ ይዞት አክስታቸው ቤት ነበር፣ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ። እያደገ ሲመጣ ንገሪኝ ይላታል፣ እማዬ እንዴት ሄደች፣ ትነግረዋለች፣ ድገሚልኝ፣ ትደግምለታለች፣ ካልሲው ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ያለቅሳል። ከዚያ ጎረምሳ ሆኖ አንድ ቀን ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማችው፣ ደረጃው ሥር ቆሜ አየሁ ብሎ፣ አረንጓዴውን ካልሲ፣ የተጣፈ ተረከዙን፣ አንድም ሳያስቀር። ኧረ አንተ አልነበርክም ብላ ሳቀች። ተቆጣ። አይቻለሁ እትዬ። አክስታቸው መጥታ እኔ ጋ ነበርክ የኔ ልጅ፣ ሰውነትህን ስትቧጥጥ ያደርክ ብትለው እንኳን አልሰማ አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አይቻለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ደግሞም አልዋሸም፣ ይታየው ነበር። እሷ ነግራው ይታየው ነበር።

አይ። አይ አይ አይ፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ሕፃን ነበር፣ እሷ የበሰለች ሴት ናት፣ ደግሞ እሷ ቤቷ ነበረች፣ መስኮቱም ነበረ፣ ሁሉም ነገር በቦታው ነበረ። በቦታው ነበረ ግን ነገረሽ። ነገረኝ እንጂ ታዲያ፣ እጁን ከመስጠቱ በፊት እሷ ዘንድ ተደብቆ ሳለ በየማታው የመቁረጫ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነገራት፣ እሷ ጠርዝ እያጠፈች እሱ እየነገራት፣ ሰውዬው ከመኪናው ወረደ እትዬ፣ የኋላውን በር ከፈተ፣ ታሰረ ደግሞ፣ እሑድ እሑድ በሽቦው ቀዳዳ፣ ሰውዬው ከመኪናው ወረደ፣ ሁሌ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ሁሌ በዚያው ቃል፣ ታዲያስ፣ እውነት አይለዋወጥም፣ እውነት ስለሆነ ነው የማይለዋወጠው። ወይ ስለተጠና ነው። አፍሽን ዝጊ።

እሺ፣ እንሞክረው፣ እንደ ጨርቅ ዘርግተን እንየው፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ የዘበኛው ሚስት የምትጸልይ መስሏት እጇን ትለቅላታለች፣ ተመስገን። ይኸው መኪናው፣ ይኸው ሰውዬው፣ ፊቱ ወደ እሷ ነው፣ ዝናቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ጀሪካኑን ያቀብላል፣ ከትከሻው በላይ ደግሞ ቀና ሲባል ፎቁ ይታያል፣ የሷ መስኮት፣ መብራቱ በርቷል፣ መጋረጃው ነጭ ነው። ነጭ። የምን ነጭ። መጋረጃዋ አበባ ነው፣ ቡናማ መደብ ላይ ቀይ አበባ፣ ነጩ ገበሩ ነው፣ መጋረጃ ሲሰፋ ፊቱ ወደ ቤት ገበሩ ወደ ውጭ ነው፣ ይህን የማያውቅ መጋረጃ ሰፊ የለም፣ ፀሐዩን ገበሩ ይቀበለዋል፣ አበባው እንዳይለቅ። እዚያ ነጭ ላይ ደግሞ ከታች በኩል ያች ቁራጭ ትታያለች፣ ገበሩ አልደርስ ብሏት የቀጠለቻት፣ ከውስጥ የማትታይ፣ ከጓሮ ሆኖ ወደ ላይ ላንጋጠጠ ሰው ብቻ የምትታይ። ዓይኗን ትገልጣለች። ኮሪደሩ እንዳለ ነው፣ ሰዎች ያልፋሉ፣ አንዱ ስልክ ያወራል።

መስኮቴን ከውጭ ነው ያየሁት። የራሴን መስኮት። ማን ነው ታዲያ ውስጥ የነበረው። ቀና ስል መብራትሽ በርቷል እትዬ፣ ነጩ መጋረጃሽ ይታየኛል፣ እሷ እዚያ ሆና ለሰው መጋረጃ ትሰፋለች እኔ እዚህ ምን ልሠራ ነው አልኩ ብሏታል፣ ብሏታል፣ እዚህ ላይ ሲደርስ አብራው አልቅሳለች፣ መርፌው ጣቷን እስኪወጋት አልቅሳለች። የሱ ዓይን ነው። ከጓሮው ቆሞ በሱ ዓይን ነው ያየችው፣ ከዚያ የሱን ዓይን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፣ እኔ አየሁ አለች፣ አሁን ደግሞ የሱን ቃል በሱ ቃል ልትደግፍ ነው፣ ዐቃቤ ሕጓ ከእሱ ውጭ የሆነ ራሱን የቻለ ያለችው ይኸው ነው፣ ወይ ጉድ። ወይ ጉዴ። ተነስታ ትሂድ ይሆን። ወዴት። መጸዳጃ ቤት ነኝ ብላ፣ ከዚያ በጀርባ፣ በአውቶቡስ፣ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሴትዮዋ ታይሻለች።

የራሴ የቱ ነው ታዲያ። አንድ እንኳን የራሴ የሆነ የለም ወይ፣ ትንሽ፣ የመኪና ድምፅ፣ ምንም፣ ከተገኘ በሱ ይያዛል፣ ሰው በሽርፍራፊ ጨርቅም ትራስ ይሰፋል። እሑድ ነበር፣ አመሻሽ ነበር፣ ማሽኑ ላይ ነበረች፣ የሆቴሉን መጋረጃ ልታደርስ፣ ጀርባዋ ወደ መስኮቱ፣ አዎ ጀርባዋ፣ ምክንያቱም ብርሃኑ በትከሻዋ እንዲመጣላት ነው የምትቀመጠው፣ ስንት ዓመቷ እንዲህ ስትቀመጥ። ዝናቡ ይጮኻል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ክር አለቀባት፣ ተናደደች። በሩ ተከፈተ፣ እሱ ነው፣ ወለሉን ገና መወልወሏ ነው እሱ ጭቃ ጫማውን ይዞ ገባ፣ ጫማህን አታወልቅም እንዴ፣ አልሰማትም፣ ቀጥ ብሎ አለፋት፣ ጭቃው ተከተለው፣ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅና ያወልቀዋል። ይሄ የራሷ ነው። ይህንን አልነገራትም፣ ጭቃውን እሷ ናት የወለወለችው፣ ስትወለውልም ሰድባዋለች፣ በክሩ እንደተናደደች በሱ ተናደደች። እና ቀጥ ብሎ ወዴት ሄደ።

ወደ መስኮቱ።

መጋረጃውን ገለጠ። ቆመ። ከዚህ ምን ይታይሻል እትዬ አላት። እሷ ክሩን በመርፌው ዓይን ልታስገባ ምላሷ ላይ እያራሰች ዞር እንኳን አላለችም፣ ምን ይታየኛል፣ ቆርቆሮ ነዋ፣ ምን አዲስ ነገር አለ አለችው፣ መጋዘኑ የጓሮ በሩ ላይ ጥላ አውጥቷል፣ ሰፊ ቆርቆሮ፣ መኪና ይግባ ሰው ይግባ ከእሷ ቤት ቆርቆሮው ብቻ ነው የሚታየው፣ እሷም እሱም ሁሉም የፎቁ ሰው ያውቃል። በሩስ አይታይሽም። አይታየኝም አልኩህ። ሰውም ቢቆም። ኧረ ሥራ ላይ ነኝ አታድርቀኝ። መጋረጃውን መለሰው፣ ተነፈሰ፣ ትንፋሹን ሰማችው፣ እፎይ ያለ ሰው ትንፋሽ ነው፣ ከዚያ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ጭሱ።

አውቀህ ነው። ለካ አውቀህ ነው። እንደማይታየኝ ጠይቀህ አረጋግጠህ፣ ከዚያ በየማታው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠህ፣ እሑድ እሑድ ምግብ ይዤልህ ስመጣ፣ ጥፍርህን እየበላህ፣ ጠብታ በጠብታ እንደ ዓይን መድኃኒት ዓይኔ ውስጥ አስገባኸው፣ እኔ ደግሞ ነፍሱ ተጨንቃ ነው ብዬ። ሲጨነቅም ሊሆን ይችላል እኮ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ሰው ተጨንቆም ያታልላል። እና ሰውዬውስ፣ ሥራ እንዴት ነው ያላት ሰውዬ፣ ያን ቀን ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ብቻውን ቢሆንስ ያደረገው፣ ቆርቆሮው ሥር ለቆመ ሰው ዝናቡ ፊቱ ላይ እንዴት ይወርዳል፣ መስኮቴስ እንዴት ይታያል፣ ሰሞኑን ከሰውዬው ጋር ተጣልተው ነበር፣ ከሥራ አባርርሃለሁ ብሎኛል ብሎ ሲንጨረጨር ነበር፣ ወይም እውነቱን ነው፣ ነበረ፣ ከቆርቆሮው ወጣ ብሎ አቀበለው፣ አላውቅም፣ የማውቅ መስሎኝ ኖሬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ የምታውቀው እሱ የነገራትን ብቻ ነው። ለሱ ስትል ብትዋሽ አንድ ነገር ነበር፣ እህት ናት፣ አውቃ ትዋሽለት ነበር ይሆናል፣ ሳታውቅ ማስዋሸቱ ግን።

አላየሁም ብዬ እወጣለሁ። በቃ፣ ተሳስቼ ነው፣ አላየሁም፣ መስኮቱ ጋ ስለመሄዱ ደግሞ ማን ይጠይቀኛል፣ ማንም አያውቅም፣ እሱን ይዤው እቀበራለሁ፣ አልደግፈውም አልቀብረውም፣ ይህን ያህል ይገባዋል፣ ይህን ያህል ይገባኛል። ሴትዮዋስ። ሴትዮዋ ዓይንሽ ይባረክ ብላለች። በሩ ይከፈታል፣ ችሎት አስከባሪው ወረቀት ያያል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር፣ መጋረጃ ሰፊዋ፣ ይግቡ። ትነሳለች፣ ወንበሩ ይንገጫገጫል፣ የዘበኛው ሚስት አብራት ትነሳለች፣ አይዞሽ ትላታለች፣ ለሷ፣ አይዞሽ።

ክፍሉ ካሰበችው ያንሳል። ትምላለች፣ እጇን ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ባለጎማው ከጠበቃው ጎን፣ ወንድሟ በሁለት ፖሊሶች መሀል፣ ከስቷል፣ ሸሚዙ እሷ የላከችለት ነው፣ ሰፍቶታል፣ ዓይኑን ዓይኗ ላይ ጥሏል። ዐቃቤ ሕጓ ጉንፋኑ አለቀቃትም፣ በዕለቱ አመሻሽ ላይ ከመስኮትዎ ሆነው ያዩትን ለችሎቱ ያስረዱ። አፏን ትከፍታለች፣ ያን ጊዜ ታየዋለች፣ የወንድሟ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም፣ ከእሷ ቀድሞ ነው፣ ሰውዬው ከመኪናው ወረደ፣ የኋላውን በር ከፈተ፣ ትምህርት ቤት ሳለ ቃል በቃል ስታስጠናው እሷም እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ዓይኖቿ ይሞላሉ። እወድሃለሁ እኮ አንተ። እንዴት አድርጌ ልጥላህ።

አላየሁም ትላለች።

ምን አሉ። ከእኔ መስኮት የጓሮ በሩ አይታይም፣ ጥላ ቆርቆሮ አለው፣ ለፖሊስ የነገርኩት ወንድሜ የነገረኝን ነው፣ ያየሁ መስሎኝ ነው። ከኋላዋ አንዲት ሴት አይ ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ማን እንደሆነች ታውቃለች፣ አትዞርም። ዐቃቤ ሕጓ መሐረቧን እንደያዘች ቀርታለች፣ ጠበቃው እየጻፈ ነው፣ ባለጎማው እጁን ያያል። መሀል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ያዩዋታል፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻል ነበር። እንግዲያው ይሏታል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የነገሩዎት ይቅር፣ ያን አመሻሽ እርስዎ ራስዎ ያዩት ምንድን ነው። ምንም በይ። ምንም ብለሽ ውረጂ፣ ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፣ ምንም፣ ሦስት ፊደል፣ ወንድሟ ያያታል፣ ሴትዮዋ ከኋላ ታያታለች፣ እሷ ደግሞ ጭቃው ነው የሚታያት፣ ገና የተወለወለ ወለል ላይ ከበሩ እስከ መስኮቱ የተሰለፈው ጭቃ፣ ማንም ያልነገራት ጭቃ።

ወንድሜን አየሁት ትላለች። ከውጭ ገባ፣ ጫማው ጭቃ ነበር፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ መጋረጃዬን ገልጦ ከዚህ ምን ይታይሻል አለኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ ይገርማታል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ለማስታወስ አታስብም፣ ይመጣል። ቆርቆሮ አልኩት ትላለች፣ እፎይ ብሎ ተነፈሰ፣ ከዚያ ጭሱ መጣ። ወደ ሁለቱ ፖሊሶች መሀል ታያለች። የወንድሟ ከንፈር ቆሟል፣ ይህን እሱ አልነገራትም።